ግድግዳ ያሳለፈው ጠብ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ መጣብኝ። ለጋብቻ እንዳይመስላችሁ... ለእርቅ ነው። ከባሌ ጋር ሊያስታርቁኝ። ችግሯ ትንሽ ናት፤ ባል የለኝም።

ከሥሩ ልንገራችሁ። ለሥራ ባሕር ዳር ከመጣሁ ወዲህ ሹም አቦ ሰፈር አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን ነው የምኖረው። ሳምንቱን ሙሉ ኮሌጅ ቢሮ ውስጥ ተማሪ ሲያለቅስብኝ፣ አለቃ ሲጮህብኝ እከርምና ቅዳሜ ከሰዓት በሙቀቱ የተነሳ መስኮቴን ከፍቼ ያንኑ የድሮ ድራማ፣ ያንኑ ክፍል አያለሁ። ባልየው አምሽቶ ይመጣል፣ ሚስትየዋ ሻንጣውን ደጅ ታወጣለች፣ ይጯጯሃሉ፣ ይታረቃሉ። በቃ።

የቢሮ ልጆች «ስንት አዲስ ፊልም እያለ አይሰለችሽም?» ይሉኛል። አዲስ ፊልም ማለት እኮ ማን እንደሚሞት ሳያውቁ ቁጭ ብሎ መጨነቅ ነው። ለመጨነቅማ ደሞዝ የሚከፈለኝ ቦታ አለኝ።

ትናንትም ፍላሹን ቲቪው ላይ ሰክቼ ልከፍት ስል መብራት ጠፋ። ብርቅ አይደለም። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ።

ስከፍት አከራዬ እትዬ ውዴ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ከኋላቸው ከግድግዳዬ ማዶ የሚኖሩት የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። የኔታ ዕድሜያቸውን ጣና ውስጥ ካለ ደሴት ገዳም ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ እግራቸውን ሲያማቸው ወደ ከተማ የወጡ ናቸው። ሦስተኛው ከፋብሪካ ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ጋሽ አበጀ ናቸው።

አስገባኋቸው። እትዬ ውዴ ከመቀመጣቸው በፊት መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ከአልጋው ጀርባ አዩ።

«ሰውየው የት ሄደ?» አሉኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ቤቱን ሳከራይሽ ብቻዬን ነኝ ብለሽኝ ነበር። አምኘሽ ሰጠሁሽ። አሁን ግን በየቅዳሜው ከዚህ ቤት ወንድ ይጮሃል።»

የኔታ በእርጋታ ተቀበሏቸው። «ልጄ፣ ጠብ የሌለበት ቤት የለም። በየሳምንቱ ማባረር ግን ደግ አይደለም። አግብተሽው ከሆነ በወጉ ያዥው። ካላገባሽው ደግሞ...» ብለው ወደ አከራዬ ዞሩ።

«ካላገባችውማ ቤቴን ትለቃለች» ብለው እትዬ ውዴ ጨረሱላቸው።

ጋሽ አበጀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እንደሰማሁት ሰውየው ያን ያህል ጥፋት የለበትም። አመሸ እንጂ ምን አደረገ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሳቄ አመለጠኝ። እነሱ ግን አልሳቁም።

«ድራማ እኮ ነው፤ ቲቪው ነው የሚጮኸው» አልኩ።

«እንግዲያው ክፈችውና እንየው» አሉ እትዬ ውዴ።

መብራት የለም... ያለኝ አንድ ምስክር ደግሞ ያለ መብራት ቃሉን አይሰጥም። ከደላላ ጋር ከሹም አቦ እስከ ፋሲሎ ቤት ፍለጋ ስዞር ታየኝ። ምን ላድርግ፤ ተነስቼ ክፍሉን በቃሌ ተወጣሁት። ባልየውን በወፍራም ድምፅ፣ ሚስትየዋን በራሴ። የራሴን ሻንጣ ሳይቀር ጎትቼ በር ላይ አቆምኩ። ሁለት ዲግሪ ያላት ሴት እንዲህ ነው ቤት የምትከራየው።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ተማሪያቸውን እንደሚፈትኑ ሆነው ይሰሙኛል። መሃል ላይ በመቋሚያቸው ወለሉን መታ አደረጉ።

«‹ልጅቷስ?› የምትለዋን ዘለልሻት» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ ዘልያታለሁ። እናትና አባቴ ሲለያዩ «ልጅቷስ?» ያለ ሰው አልነበረም። በራችንን ያንኳኳ ሽማግሌም አልነበረም። እዚያች ጋ ድምፄ እንዳይሰበር ፈርቼ ነው ያለፍኳት። ለማያውቋት ተከራይ ሻሽና ነጠላቸውን አስተካክለው የመጡ ሰዎች ፊት ማልቀስ ደግሞ አሳፈረኝ።

«ልጅቷስ?» አልኩ ቀስ ብዬ፣ በባልየው ድምፅ።

«‹ልጅቷ ከኔ ጋር ናት፤ አንተ ብቻ ውጣልኝ›» አሉ እትዬ ውዴ ከኔ ቀድመው። አንዲት ቃል አልሳቱም። ከዚያ ያሉትን ራሳቸው ሰሙትና ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

ለነገሩ ሰው ሳይፈልግ በጆሮው የገባውን እንዲህ አጥርቶ መያዝ ተሰጥኦ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቤት መልቀቅ ያነሳ የለም። ጋሽ አበጀ ወደፊት ጠጋ ብለው «እና መጨረሻቸው ምን ሆነ?» አሉኝ።

«ይታረቃሉ እኮ። በየሳምንቱ።»

ሦስቱም ተያዩ። «እርቅስ ሰምተን አናውቅም» አሉ የኔታ።

ለካ ጠቡ በጩኸት ነው፣ እርቁ በሹክሹክታ። ሚስትየዋ «ና ግባ» የምትለው ራሷም እንዳትሰማው አድርጋ ነው። ግድግዳው ለጎረቤቶቼ ጠቡን እያሳለፈ እርቁን ለኔ ብቻ አስቀርቶልኛል። እኔ ዘና ብዬ ስተኛ እነሱ ሳምንቱን ሙሉ ስለተባረረው ሰውዬ ሲጨነቁ ይከርሙ ነበር።

እትዬ ውዴ ግን ሌላ ነገር ከነከናቸው። «ከታረቁ ታዲያ፣ አንቺ ምን በድለውሽ ነው በየሳምንቱ የምታጣያቸው?»

ሲታረቁ ደግሜ ለማየት ነው ብል ማን ያምነኛል... ሻንጣዬን ከበሩ ላይ መልሼ ጎተትኩ።

ሲወጡ የኔታ የማይጮህ ባል እንዲሰጠኝ መረቁኝ። ጋሽ አበጀ «ቢሆንም ሰውየው ላይ ጨክናበታለች» እያሉ ሄዱ። እትዬ ውዴ በሩ ላይ ዞር አሉ።

«ቤቱን አልቀማሽም። ከእንግዲህ ግን ጠቡ ላይ ቀንሽው፣ እርቁ ላይ ጨምሪ።»

የሰው አከራይ ኪራይ ያስጨምራል... የኔዋ ያስጨመሩኝ ድምፅ ነው።