አያትህማ ተጠምቀዋል

የጥምቀት ፈተና ወድቄ አውቃለሁ። ሶዶ ውስጥ ከአማኝ ቤተሰብ ተወልዶ ይህን ፈተና የወደቀ ሌላ ሰው ካለ ባገኘው ደስ ይለኛል።

ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያናችን የቆመችበትን መሬት የሰጡት አያቴ ናቸው። ስለዚህ ልጅነቴን ሙሉ ግቢው ውስጥ የምንጎራደደው እንደ ባለርስት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እስክይዝ ጥምቀቱን ሳዘገይም ቦታዬ የትም አይሄድም ብዬ ነው። በመጨረሻ ለጥምቀት ትምህርት ስመዘገብ አጠገቤ የተቀመጡት ገበያ ላይ አቮካዶ የሚሸጡ አሮጊት ነበሩ። ጥቅስ አይያዝላቸውም። ዮሐንስ የጻፈውን ጳውሎስ ጻፈው ሲሉ እስቅባቸው ነበር፤ ያውም ጮክ ብዬ፣ ሌላውም እንዲስቅ።

ከጥምቀቱ በፊት ባለው ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ለፈተናው አንድ በአንድ ጠሩን። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ለምን እናጥምቅህ?»

የአያቴን መሬት፣ የአባቴን አገልግሎት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ሽልማቶቼን ደረደርኩላቸው። ዋናው ሽማግሌ እስክጨርስ ታገሡኝና፣ «አያትህማ ተጠምቀዋል» አሉ። «እኛ የጠየቅነው ስላንተ ነው። ለሚቀጥለው ዙር ቆይ።»

ከኔ ቀጥለው አሮጊቷ ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማኋቸው። «እኔ ምን አለኝ? አረቄ ሻጭ ነበርኩ። ጌታ ጠራኝ፣ መጣሁ። ሌላ የለኝም።»

አለፉ። በንዴት ጨስኩ። የባሰው ግን ቤት ነበር። እናቴ ለድግስ ምግባችን ለሙቹዋ የሚሆን ሥጋና ቅቤ አዘጋጅታ፣ ዘመዶቻችን ከቢጠና ተሳፍረው መጥተው፣ ቤቱ በሳቅ ተሞልቷል። ወደቅሁ ማለት አቃተኝ። እሑድ ጠዋት እናቴ ነጭ ልብስ አልብሳኝ፣ እልል እያለች እየመራች ወደ ወንዙ ወሰደችን።

የተጠማቂዎች ስም ተጠርቶ አለቀ። የኔ የለም። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ፤ እልልታው አፏ ላይ ቀርቶ ነበር። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ተመኘሁ።

የአሮጊቷ ተራ ሲደርስ ጉልበታቸው ድረስ ውኃው ውስጥ ገቡና ቆሙ።

«ይሄ ልጅስ?» አሉ ወደኔ እያመለከቱ።

«ትናንት አላለፈም፣ እማማ» አሉ ዋናው ሽማግሌ።

«እኔን ያለ ጥቅስ አሳለፋችሁኝ የለ? እሱንም እንደገና ጠይቁት። እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ።»

ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። ሲንቀጠቀጡ ይታየኛል፤ ግን ንቅንቅ አላሉም። ስንት ወር የሳቅሁባቸው ሴት ናቸው።

ሽማግሌው ጠሩኝ። «ለምን እናጥምቅህ?»

አያቴም መሬታቸውም ከአእምሮዬ ጠፉ።

«ምንም የለኝም» አልኩ። «በእኚህ እናት ላይ ሳሾፍ ነው የከረምኩት። ጌታ እንዲሁ ከተቀበለኝ ነው እንጂ የማቀርበው የለኝም።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «እንግዲህ ግባ።»

«ቶሎ በል ልጄ፣ በረደኝ!» አሉ አሮጊቷ፣ እጃቸውን እየዘረጉልኝ። ተጠምቄ ስወጣ የእናቴ እልልታ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ቤት ስንገባ እናቴ አሮጊቷን ከሁሉ በላይ አስቀምጣ የመጀመሪያውን ሙቹዋ አቀረበችላቸው። እሳቸውም ጎረሱና ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ።

«ያኔ የሳቅህብኝን ጥቅስ የጻፈው ማን ነበር?»

«ጳውሎስ ነው፣ እማማ» አልኳቸው።