እማዬ፣ ንጉሡና የተሰረዘው ስም

እማዬ የእንግሊዙን ንጉሥ ታሪክ የሰማችው ከእኔ፣ በፒኮ ጎዳና አውቶብስ ላይ ነው። ኮሌጅ የገባሁበት ዓመት ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሰፈራችን ከሚድ ሲቲ አብረን እንሳፈራለን፤ እሷ ዌስትውድ ሄዳ አንዲት አሮጊት ልትንከባከብ፣ እኔ ክላስ ልገባ። ለሂስትሪ ክላስ ፔፐር የምጽፈው ስድስት ሚስት ስላገባው ንጉሥ ነበር። ገና ሳንቀመጥ፣ "ትናንት ስንተኛዋ ላይ ቆምን?" ትለኛለች።

አቤት አፏ! የመጀመሪያዋ ሚስቱ ወንድ ልጅ ስላልወለደችለት ሊፈታት እንደፈለገ ስነግራት፣ "ድንቄም ንጉሥ!" ብላ ስትጮህ ሹፌሩ በመስታወቱ አየን። የሁለተኛዋን አንገት ሲያስቆርጥ "በሰው ትዳር ገብታ ምን ልታገኝ ኖሯል?" አለች፤ ወዲያው ደግሞ አዘነችላት። የሮማው ጳጳስ ፍቺውን አልፈቅድም ሲሉት ራሱን የቤተ ክርስቲያን የበላይ እንዳደረገ፣ ገዳማቱን እንደዘጋ፣ እምቢ ያለውን የገዛ ሹሙን እንደገደለ ስነግራት ግን አማተበች።

"እኛ አገር ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት አስገባ ተብሎ ሕዝብ አለቀ፤ እዚያ ደግሞ ሮማን አስወጣ ተብሎ? ወይ ጉድ!"

ያ አውቶብስ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። ያኔ ግን እያወራሁላትም ሆዴ ሌላ ቦታ ነበር፤ እትዬ የምላቸው የክርስትና እናቴ ጋ። እትዬ የሐበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ቅመምና ነጠላ የሚሸጡ የእማዬ የልብ ጓደኛ ነበሩ። በሰማንያ ቀኔ አቅፈው ክርስትና ያስነሱኝ፣ እማዬ ሥራ ስትውል ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ታዲያ ቤተ ክርስቲያናችን "በቅዳሴ የአገር ቤቱ ወይስ የስደተኛው ፓትርያርክ ስም ይጠራ" በሚል ለሁለት ተከፈለ። እማዬ ቀረች፣ እትዬ ከወጡት ጋር ወጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። እማዬ ሱቃቸው አጠገብ ስትደርስ መንገድ ትሻገራለች። እኔንም "እዚያ ቤት እንዳላይሽ" ብላኛለች።

ከሁሉ የባሰብኝ የጠዋቱ ጸሎት ነው። እማዬ በዳዊቷ መጨረሻ ላይ በጸሎት የምታስባቸውን ሰዎች የክርስትና ስም ጽፋለች፤ በቀኙ ገጽ በሕይወት ያሉትን፣ በግራው የሞቱትን። ሳሎን ሶፋ ላይ ተኝቼ፣ ስማቸውን ስትጠራ ነው የምነቃው። ከእኔ ስም ቀጥሎ የእትዬ ነበር፤ አሁን ትዘለዋለች። አንድ ቀን ሻወር ስትገባ ተደብቄ ከፈትኩት። በአንዲት ቀጭን መስመር ሰርዛዋለች።

ሶ፣ አንድ ጠዋት ንጉሡ "የጳጳሱ ስም ከጸሎት መጻሕፍት ሁሉ ይጥፋ" ብሎ ያዘዘበት ላይ ደረስን። አስተማሪያችን የሰጠን የመጻሕፍቱ ፎቶ ነበር። አንዱ መጽሐፍ ላይ ስሙን ሲፍቁት ገጹ ተቀዷል። ሌላው ላይ ግን ቀጭን መስመር ብቻ ተሰምሮበታል፤ ስሙ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

እማዬ ፎቶውን ተቀብላ ብዙ አየችው። "ይሄኛው ለምን በደንብ አላጠፋውም?"

"አንድ ቀን መልሼ አነበው ይሆናል ብሎ ነዋ። ደግሞም ተነበበ፤ የዚያች የመጀመሪያዋ ሚስቱ ልጅ ስትነግሥ ጳጳሱን መለሰቻቸው።"

እሰይ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺ ዳዊቴን ከፍተሻል።"

ደነገጥኩ። "አዎ፣ ከፍቻለሁ። እትዬ ናፈቁኝ፣ እማዬ!" አልኩና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለቀስኩ። እሷ እስክትወርድ ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች።

ቅዳሜ ነጠላዋን አጣፍታ "ተነሺ" አለችኝ። ፌርፋክስ ስንደርስ መንገዱን አልተሻገረችም። ሱቁ ገብታ፣ ዳዊቷን ከፍታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው መስመሩን አዩ። ከዚያ ከባንኮኒው ስር የራሳቸውን ዳዊት አወጡ። የእማዬ ስም የነበረበት ቦታ በጥቁር ማርከር ድፍን ብሏል፤ ቀለሙ ወደ ጀርባው ገጽ ዘልቋል።

"እኔ እንኳ ትንሽ አበዛሁት" አሉ አፍረው።

"ምነው አንቺ! ምን አደረግኩሽ?" አለች እማዬ፤ ሳቋ አመለጣት። ተቃቅፈው ተላቀሱ። እትዬ እዚያው ብዕር አንስተው ስሟን ከታች እንደ አዲስ ጻፉት። እማዬ መስመሯን ልታጠፋ ብትሞክር እምቢ ስላላት ከነመስመሩ ታነበው ጀመር። ቤተ ክርስቲያን የቀየረ ግን የለም። እሁድ እሁድ ከየቅዳሴያቸው መጥተው፣ ሱቁ ውስጥ ስለ ፓትርያርክ ሲከራከሩ ይውሉ ነበር።

ዘንድሮ እትዬ አረፉ። ከቀብር እንደተመለስን እማዬ ዳዊቷን ከፈተች። ስማቸውን ከቀኙ ገጽ ሰርዛ ወደ ግራው ማዛወር ነበረባት። ብዕሩን አነሳችና "አንቺ ሰርዢው" ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። እኔም መልሼ ዳዊቱ ላይ አስቀመጥኩት።

"ተይው" አለችኝ፤ "መሰረዙንስ ያኔ ሰርዤዋለሁ።"

በግራው ገጽ ላይ ጻፈቻቸው። ጠዋት ጠዋት ግን ሁለት ጊዜ ትጠራቸዋለች፤ አንዴ ከሙታኑ ጋር፣ አንዴ ከእኔ ስም ቀጥሎ።