የማረፊያ ቤቱ ደጅ ጠኚ

ጃንሆይ ወለጋን ሲጎበኙ እንዲያርፉበት ነቀምቴ ላይ በተሠራው ቤት ሥራ የጀመርኩት በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት በወጣሁ ማግስት ነው። ከተማው ያኔ በመንግሥት ወረቀት ላይ ለቀምት ይባል ነበር። የተቀጠርኩት በእውቀቴ አይደለም። ቤቱን የሚያስተዳድሩት አዛዥ በላቸው የቡልጋ ሰው ናቸው፣ ኦሮምኛ አይሰሙም። ሊጎበኝ የሚመጣው ሕዝብ ደግሞ አብዛኛው አማርኛ አይሰማም። በመሃል የሚቆም ሰው ያስፈልግ ነበርና እኔ ቆምኩ።

በመጀመሪያው ቀን አዛዥ ከበሩ እስከ ጓዳው ይዘውኝ ዞሩ። ይህ የእንግዳ መቀበያ፣ ይህ የግብር አዳራሽ፣ ይህ የመኝታ ክፍል እያሉ አሳዩኝ። የመኝታው ክፍል ስንደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ስታስረዳም እንዲህ ነው፤ በሹክሹክታ” አሉኝ።

“የተኛ ሰው አለ እንዴ ጌታዬ?”

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። “ገመቹ፣ ጃንሆይ ባይኖሩም እንዳሉ ነው። ይህ ካልገባህ ሌላ ሥራ ፈልግ።”

ሌላ ሥራ አልነበረም። ስለዚህ ገባኝ።

ጉብኝቱ የተጀመረው ከአዲስ አበባ በመጣ ትእዛዝ ነው። ሕዝቡ የንጉሠ ነገሥቱን ቤት በዓይኑ አይቶ ፍቅሩ እንዲጸና፣ ግቢው ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፈት ተባለ። ትእዛዙ እንዲከፈት እንጂ እንዴት እንዲከፈት አይልም። ያንን አዛዥና እኔ ፈጠርነው። ጫማ ያለው ጫማውን በጆንያ ይጠርጋል፤ ባዶ እግሩን የመጣ በበሩ አጠገብ ካለው ቧንቧ እግሩን ይታጠባል። በምንጣፉ ላይ ሸራ እንዘረጋለን። ዱላና ጦር በር ላይ ከዘበኛው ዘንድ ይቀራል። ዘበኛው ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ጦርነት አይቷል፣ ቆስሏል፣ ግን ቅዳሜ ማታ ዱላ ለባለቤቱ ሲመልስ እንዳለቀሰው የትም ያለቀሰ አይመስለኝም። የአካባቢያችን የጉቶ ጊዳ ዱላ ሁሉ መልኩ አንድ ነው፤ ባለቤቶቹ ግን አንድ አይደለም ብለው ይሟገቱታል።

ዋናው ሥርዓት የእንግዳ መቀበያው ነበር። እዚያ ከፍ ባለ መደብ ላይ ትልቅ ወንበር ተቀምጧል። ጎብኚው ከገመዱ ወዲህ ቆሞ ለወንበሩ እጅ ይነሳል። እኔ በሁለት ቋንቋ “ጃንሆይ እንዳሉ ቆጥራችሁ እጅ ንሡ” እላለሁ፤ አዛዥ ከወንበሩ ጎን ቆመው አነሳሱን ይመለከታሉ። አንገቱን ብቻ የሰበረ ሰው ካለ በዓይናቸው ይጠቁሙኝና እንደገና እጅ አስነሳዋለሁ።

ሕዝቡ የወደደው ግን ወንበሩን አልነበረም። የወደደው የገላ መታጠቢያ ገንዳውን ነው። አንዲት ከቢላ ከተማ የመጣች ሴት ገንዳውን ዞራ ዞራ አይታ፣ “ይህን ሁሉ ፋርሶ የሚጠጣው ማን ነው?” አለችኝ። ጠላ የሚጠመቅበት መስሏት ነው። የለም፣ ሰው ገብቶ የሚታጠብበት ነው አልኳት። ሳቀችብኝ። ለጓደኞቿ “ይህ ልጅ ንጉሡን ያማል” ብላ ነገረቻቸው። አዛዥ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ። “ውበቱን አደነቀች” አልኳቸው። በዚያ ቤት አንዳንድ ነገር በሁለት ቋንቋ አይባልም ነበር።

አንድ የጊምቢ መምህር ደግሞ ተማሪዎቹን ይዞ መጥቶ፣ ጃንሆይ በዚህ አልጋ ላይ ስንት ጊዜ እንዳደሩ ጠየቀ። እኔ አዛዥን አየሁ። አዛዥ “ሲመጡ ያድራሉ” አሉ። እውነት ነው፤ ቤቱ ከተሠራ ወዲህ ግን አልመጡም ነበር። መምህሩ አመስግኖ ለተማሪዎቹ “ጻፉ” አላቸው። እነሱም ጻፉ።

ወደ ትልቅ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድምና አንዳንዱ ማር ይዞ ይመጣ ነበር። አዛዥ ማሩን በጃንሆይ ስም ይቀበላሉ። አዲስ አበባ ስለ መድረሱ የማውቀው ነገር የለም፤ አዛዥ ግን በዚያ ዘመን ጥሩ ወፍረው ነበር።

አሁን ወደ ኦቦ ዲንቃ ልምጣ፤ ኦቦ በኦሮምኛ አቶ እንደ ማለት ነው።

ኦቦ ዲንቃ የኑኑ ቁምባ ገበሬ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሽበት የጀመረው ሰው። በራሱ ጉልበት ጫካ መንጥሮ ቡና ተክሎ ነበር። ቡናው ማፍራት ሲጀምር አንድ ጉልበተኛ ጎረቤቱ መሬቱ የእኔ ነው ብሎ ምስክር ቆጥሮ ወሰደበት። ወረዳ ከሰሰ፤ ወረዳው ወደ አውራጃ፣ አውራጃው ወደ ነቀምቴ ሰደደው። ነቀምቴ ቀጠሮ እየሰጠች ስታመላልሰው አንድ ሰው፣ “የጃንሆይ ቤት እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁሉም ይከፈታል” አለው። ይህን ሁሉ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ የማውቀው ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከበሩ ፊት ቀድሞ የሚቆም ሰው መሆኑን ብቻ ነው።

እግሩን ታጥቦ ይገባል። ጋቢውን ደረቱ ላይ አደግድጎ፣ እጁን አጣምሮ ይቆማል። መጋረጃ አያይም፣ መብራት አያይም፣ ገንዳው ጋ ስንደርስ ሌላው ሲጋፋ እሱ ወደ ኋላ ይቀራል። ዓይኑ ከአዛዥ ፊት አይነቀልም። ወንበሩ ፊት ስንደርስ ግንባሩ ምንጣፍ እስኪነካ እጅ ይነሳል። አዛዥ የሚያርሙት ነገር አጥተው ያውቃሉ ከተባለ በእሱ ነው። ጉብኝቱ ሲያልቅ “ነጋ” ብሎኝ ይወጣል፤ በእኛ አገር ሰላም ማለት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል። ከኑኑ ቁምባ በእግሩ።

“ኦቦ፣ አልሰለቸዎትም?” አልኩት አንድ ቀን።

“ኢልማ ኮ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይሰለቻል እንዴ?” አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው። ቤቱን እንዲህ መውደዱ ልቤን ነካው። ለአዛዥ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ተነኩ። ከዚያ ወዲያ ሥርዓት የሚያበላሽ ጎብኚ ሲመጣ “እሱን አታዩም?” እያሉ በኦቦ ዲንቃ ያስተምሩ ነበር። እሱም ጣት ሲቀሰርበት እያየ ተስፋው ይለመልም ነበር አሉ። ታይቷልና።

ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ የማያውቅ ወጣት ካለ ላስረዳ። ጉዳይ ያለው ሰው ወደ ጌታ ቤት ይሄዳል እንጂ ጉዳዩን አይዘረግፍም። ይቆማል። ይታያል። ነገም ይመጣል፣ ይቆማል። አንድ ቀን ጌታው “ይህ ሰው ምንድን ነው የሚፈልገው?” ይላል። ያኔ ይናገራል። ሳይጠየቅ ከተናገረ ባለጌ ነው፤ ለአሽከር ከተናገረ ደግሞ ጅል ነው። እኔ አሽከር ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ጉብኝቱ እንዴት እንደሚካሄድ ሊመለከቱ አንድ ሹም ከአዲስ አበባ መጡ። ከጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤትም ሰዎች አብረው ነበሩ። አዛዥ በጠዋት ጠርተው፣ “ዛሬ ደግ ደጉን ብቻ ነው የምትተረጉመው” አሉኝ። እሺ አልኩ። ሁልጊዜስ ምን ሳደርግ ነበር?

ሹሙ ደስ አላቸው። ሸራው ንጹሕ፣ ሕዝቡ ጸጥተኛ። አዛዥ ደስታቸው ገንፍሎ ኦቦ ዲንቃን በክንዱ ይዘው ወደ ፊት አመጡት።

“ክቡርነትዎ፣ ይህ ሰው ከሩቅ አገር በእግሩ ይመጣል። አንድ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም። ፍቅር ነው።”

ሹሙ ፈገግ አሉ። ወደ እኔ ዞረው፣ “እስቲ ጠይቀው፣ ምን ፈልጎ ነው እንዲህ የሚመላለሰው?” አሉኝ።

“ማል በርባዱ?” አልኩት። ምን ይፈልጋሉ ማለት ነው።

ኦቦ ዲንቃ መሬት ሳመ። ተነሣና መናገር ጀመረ። አንዲት ቃል እንኳ ፍለጋ አልቆመም፤ በየመንገዱ ሲያጠናው የከረመ ነገር ነው። ጫካውን፣ ቡናውን፣ የጎረቤቱን ስም፣ የሐሰት ምስክሮቹን፣ ወረዳውን፣ አውራጃውን፣ የነቀምቴን ቀጠሮ አንድ በአንድ አወረደው። ከኋላ የቆመው ኦሮምኛ ሰሚ ሕዝብ ለመስማት ወደ ገመዱ ተጠጋ። አዛዥ ግን ምንም አልገባቸውምና በየአረፍተ ነገሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ፈገግ ይሉ ነበር። ሹሙም ፈገግ ይሉ ነበር።

“ብዙ ተናገረ። መጋረጃውን ወዶት ነው?” አሉኝ ሹሙ።

መጋረጃውን ወዶት ነው ብል እንጀራዬ ይቀጥላል። ግን ያ ሰው አፌን እያየ ነው። ያን ሁሉ ቅዳሜ የጠበቀው ጥያቄ መጥቶለት፣ አሁን የቀረው የእኔ ምላስ ብቻ ነው። ፈራሁ። እንዳለው አድርጌ ተረጎምኩ፤ የጎረቤቱን ስም ሳይቀር።

የአዛዥ ፈገግታ ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ፤ መመለሻ ያጣ ይመስል ነበር። ሹሙ፣ “ይህ የጉብኝት ቀን አይደለም እንዴ?” አሉ።

ተረጎምኩለት።

“አዎ። ሌላው ለማየት ይመጣል፤ እኔ ልታይ ነው የመጣሁት” አለ ኦቦ ዲንቃ።

“ጃንሆይ እኮ እዚህ የሉም።”

ይህንንም ተረጎምኩ። ኦቦ ዲንቃ ወንበሩን ሳይሆን እኔን አየኝ፤ ግራ ገብቶታል። “እንዳሉ ቆጥራችሁ እጅ ንሡ ትሉን የለም ወይ?” አለ።

እሱንም እንዳለ ተረጎምኩ። ጃንሆይ አሉ ከተባለ መስማት አለባቸው፤ የሉም ከተባለ ሕዝቡ ያን ሁሉ ጊዜ ለእንጨት እጅ ነስቷል። ሹሙ ብልህ ሰው ነበሩ። ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ሰዎች ዞረው “ነገሩ ይታይለት” አሉ። እነሱም በወንበሩ ፊት እምቢ ማለት አልቻሉም።

ታየለት። መሬቱን መለሱለት፤ የዚያን ዓመት ቡና ግን ጎረቤትዬው ለቅሞ ሸጦት ነበር።

ወሬው ከኑኑ ቁምባ እስከ ቢላ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በቀጣዮቹ ቅዳሜዎች በሩ ፊት የሚቆመው ሕዝብ መጠን አጣ። ሁሉም ጋቢውን አደግድጎ፣ እጁን አጣምሮ። እንዲህ ያለ ጨዋ ጎብኚ አይቼ አላውቅም። ገንዳው ምንድን ነው የሚል ጠፋ። ሁሉም ወንበሩ ፊት ግንባሩን ያስነካና አዛዥን አፍጥጦ ያያል።

“ይህ ቤት ነው እንጂ ችሎት አይደለም በላቸው!” አሉኝ አዛዥ።

አልኳቸው። እጅ ነስተው እዚያው ቆሙ።

ወዲያው ከአዲስ አበባ ሁለተኛ ትእዛዝ መጣ፤ ጉብኝቱ ይቁም። አዛዥም እኔን “ትርጉም አበዛህ” ብለው ከቤት አውጥተው አጥር ከርካሚ አደረጉኝ። ተናድጄባቸው ነበር። ግን መቀስ ይዞ የሚውል ሰው ስለሚናገረው ነገር አይጨነቅም፤ እንቅልፌ ተመለሰ።

አንድ ቅዳሜ አጥሩን ስከረክም በማዶ በኩል “አካም ጅርታ?” የሚል የሰላምታ ድምፅ ሰማሁ። ኦቦ ዲንቃ ነው። ጋቢውን እንደ ልቡ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ሚስቱን አዴ ጫልቱን ይዞ መጥቷል።

“ቤቱን ላሳያት ነው” አለኝ። “እኔም እስቲ ልየው።”

“እርስዎ? እርስዎማ ከእኔ እኩል ገብተዋል ኦቦ!”

“መግባትስ ገባሁ። ግን ዓይኔ ከዚያ ሰውዬ ፊት መች ተነሣ? ምንም አላየሁም።”

ተዘግቷል አልኩት። ለምን አለኝ። በእርስዎ ምክንያት ማለት አቃተኝ፤ “እየታደሰ ነው” አልኩት። አዴ ጫልቱ አዘነች፤ ለመንገዱ የለበሰችው አዲስ ቀሚስ አቧራ ጠጥቷል። እኔም አዘንኩ። መቀሱን አስቀምጬ፣ እኔ በአጥሩ ውስጥ እነሱ በውጭ ተቀምጠን ቤቱን ከበሩ ጀምሬ ነገርኳቸው። በሹክሹክታ አልነበረም። አዴ ጫልቱ ገንዳው ጋ ስደርስ ሳቀች። ኦቦ ዲንቃ ግን የእንግዳ መቀበያው ጋ አስቆመኝ።

“ያ ወንበር፣ ቀለሙ ምን ዓይነት ነበር?”

“ቀይ ነው ኦቦ። እግሩ ወርቅ ቅብ ነው።”

“ቀይ” አለ ለሚስቱ፣ ወንበሩን አይቶት እንደማያውቅ ሰው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ፣ በሌላ መንግሥትም እንግዳ ተቀብያለሁ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የማሳየው ነገር ብዙ አይደለም፤ እንዲህ እለዋለሁ። የመጣውን ሰው መጀመሪያ ምን ፈልጎ እንደመጣ ጠይቀው። ቤቱን ከዚያ በኋላ ታሳየዋለህ።