በባሌ መዝገብ ላይ ያነበብኩት የሴት ስም

የባሌ የበየነ አርባ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ጡረታ ቢሮ ሄድኩ... ባቡሩ ገና በአቃቂ እያለፈ ድሬዳዋ የሚወርድበት ዘመን ነው።

በየነ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ጡረታ ሊወጣ ስድስት ዓመት ሲቀረው ሳምባው ቀደመው። ልጅ የለንም። ለሟች ተተኪ የሚከፈለው አበል ካልተፈቀደልኝ ከኪራይ ቤቴ መውጣቴ ነው።

ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ።

«ባለቤትዎ ከእርስዎ ሌላ አንድ ተጧሪ አስመዝግበዋል። እሳቸውም ካልቀረቡ ጉዳዩ አያልቅም። ያውቋቸዋል?»

ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን፣ ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ያን ቀን ግን ጠረጴዛው ላይ የተዘቀዘቀውን ጽሑፍ አነበብኩ... አመለወርቅ። ሰምቼው የማላውቅ የሴት ስም።

«አውቃታለሁ» አልኩት።

ምኑ ናት ብዬ ብጠይቀው ነገሩ በአንድ ቃል ባበቃ ነበር። ግን ባሌ ቅምጥ ነበረው ወይ ብዬ በሰው ፊት ከምጠይቅ ምላሴ ይቆረጥ!

በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሄድኩ። የባሌ የልብ ወዳጅ ጋሽ ወርቁ ፋኖስ ይወለውላል።

«ጋሽ ወርቁ፣ በየነ በየወሩ ዱከም የሚወርደው ለምን ነበር?»

«ለሥራ ነዋ።»

«እሁድ እሁድ?»

መወልወሉን ቀጠለ።

«አመለወርቅ ማናት?»

እጁ ቆመ። «አልማዝ፣ ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። ቤቱ ከዱከም ጣቢያ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ነው። ብቻሽን ግን አትሂጂ። ሰው ይዘሽ ሂጂ።»

እንዳንደባደብ ፈርቶ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። እሱንም ጭምር ጠላሁት... ለካ ሁሉም ያውቃል!

በማግስቱ ብቻዬን ባቡር ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ የምላትን እየደረደርኩ ሳለ አንድ የቆየ ነገር ልቤን ወጋኝ። ከአምስት ዓመት በፊት አማቴ እኛ ጋ ሲኖሩ፣ በአንድ ድስት ነገር ተጣልተን በየነን «ወይ እኔ ወይ እሳቸው» ብዬው ነበር። እሱም ያለ አንድ ቃል ወደ መንዝ ሸኛቸው። ይሄ የእሳቸው እንባ ነው አልኩ... ከቤት ላስወጣኋት ሴት ሌላ ሴት ተተካችብኝ።

ዱከም ደርሼ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለውን በር ደበደብኩ።

«አመለወርቅ የምትባል እዚህ ናት?»

«ነኝ። ማነሽ? ግቢ እንጂ።»

ድምፁን አወቅሁት። አማቴ ናቸው።

ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። እኔም «እታባ» ከማለት ሌላ ስማቸውን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ለካ በየነ መንዝ ብሎኝ እዚሁ ዱከም ነው ያኖራቸው።

ዓይናቸው በጣም ደክሟል። ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱ።

«አልማዝ ነሽ? በየነ አስታርቆን ነው? ተመስገን! እሱስ ሁለት ወር ሊሞላው ነው ከጠፋብኝ... የታለ? ተደብቆ ነው?»

ጥቁር መልበሴን አላዩም። መርዶውን እኮ የላክነው ወደ መንዝ ነበር፤ መልስ ሲጠፋ ቂም ይዘው መስሎኝ ነበር።

መርዶ ሲነጋጋ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እኔ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻዬን፣ ልጣላ የመጣሁ ሴት ነኝ። ጋሽ ወርቁ ሰው ይዘሽ ሂጂ ያለኝ ያኔ ገባኝ፤ እሱም በመሐላው ታስሮ መርዶውን ብቻውን አልደፈረም።

«መንገድ ላይ ነው እታባ» አልኳቸው። ውሸቴን ነው... ወጥቼ በሚመለሰው ባቡር ለጋሽ ወርቁ ሰው ይዞ እንዲመጣ መልእክት ላክሁ። እሳቸው ለልጃቸው ብለው ሽሮ ጣዱ። እኔ ሽንኩርት ከተፍኩ፤ ያን ቀን ለእንባዬ ምክንያት አላጣሁም።

ሊነጋ ሲል ጋሽ ወርቁ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ ደረሰ። የሆነውን አልጽፈውም።

በወሩ ጥቁር የለበስን ሁለት ሴቶች ተደጋግፈን ጡረታ ቢሮ ቀረብን። ጸሐፊው «ዝምድናችሁ?» ብሎ ጠየቀ። እታባ ቀደሙኝ።

«ልጄ ናት።»

አሥራ አንድ ዓመት አማቴ የነበሩ ሴት... ስማቸውን ያወቅሁት ከባሌ የጡረታ መዝገብ ላይ፣ ያውም ተዘቅዝቆ ነው።