ወፍራሙ መስቀልና ቀጭኑ መስመር

የሻው በብልባላ የታወቀው በሁለት ነገር ነበር፤ አልሞ በመተኮስና አፉን ዘግቶ በመቀመጥ። የገበሬ ማህበራችን አብዮት ጥበቃ ያደረገው ለሁለተኛው ችሎታው ይመስለኛል።

ነገሩ የሆነው በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ጅብ የጎረቤቶቹን አህዮች ጨርሶ ወደ እሱ በረት ዞሮ ነበር። የሻው ያለችው አንዲት አህያ ናት፣ ያውም እርጉዝ። ውሃውን ከወንዝ፣ ገብሱን ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ የምታደርሰው እሷ ናት። እሷ ከተበላች ሸክሙ የሚዞረው ወደ ሚስቱ ወደ ትርንጎ ጀርባ ነው።

በዚያው ሰሞን የአውራጃው ካድሬ ጓድ ምስጋኑ ለየሻው ጠመንጃ የሚሆን ሁለት የማነጣጠሪያ መነጽር ይዞ መጣ። አንዱን ጉባኤው እንዲመርጥ፣ ሌላው ወደ ሌላ ማህበር እንዲሄድ ተባለ። ሁላችንም በተራ አየን። አንደኛው ውስጥ ወፍራም ጥቁር መስቀል አለ። ሌላኛው ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ መስመር ከነቁጥሩ ተደርድሯል።

«ወፍራሙ ይሁንልኝ» አለ የሻው። «ጅብ የሚመጣው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ያን ጊዜ ቀጭኑ አይታይም። እኔ የምተኩሰው ሃምሳ እርምጃ ላይ ነው፤ ቁጥሩ ምን ያደርግልኛል?»

ጓድ ምስጋኑ ተቆጣ። «ይህ መሣሪያ የተላከው ለጅብ ሳይሆን ለአድኃሪ ነው! ቀጭኑ የሳይንስ ውጤት ነው፤ ስምንት መቶ ሜትር ርቆ ያለ ጠላት ይለካል። አብዮታዊ ዓይን በመስቀል ውስጥ አያይም!»

በእኛ አገር ስምንት መቶ ሜትር ቢኬድ ወይ ገደል ነው ወይ ገደል ነው። አድኃሪ የሚባለውንም አይተነው አናውቅም። ጅቡን ግን በድምፁ እንለየዋለን።

የሻው ተስፋ ያደረገው በንስሐ አባቱ በአባ ወልደ ኪዳን ነበር። እሳቸው መነጽሩን አዩና አማተቡ። «ልጄ፣ በመስቀል ይባረካል እንጂ ይገደላል? ቀጭኑ ይሁን።»

ካድሬና ቄስ ሲስማሙ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። እጅ አውጡ ተባልን፤ አወጣን። እኔም አወጣሁ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የሻው እጁን ባያወጣም «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ተጻፈ።

ሳምንት አልቆየም፤ ጅቡ ልክ በሰዓቱ መጣ። የሻው ደጃፉ ላይ ተንበርክኮ በመነጽሩ ቢያይ አህያና ጅብ አንድ ጥቁር ነገር ሆኑበት። መስመሩን ፈለገው፣ የለም። ቢተኩስ የገዛ አህያውን ሊመታ ነው። ጠመንጃውን ጥሎ ዱላ ይዞ ሮጠ፤ ሲደርስ ግን አህያዋ በሆዷ ካለው ውርንጭላ ጋር አልቆላታል። ያ ዝምተኛ ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በወሩ ጓድ ምስጋኑ ተመልሶ ጉባኤ ጠራ፤ መነጽሩ ያስገኘውን ውጤት የሻው እንዲያስረዳ ጠየቀ። ትርንጎ የውሃ እንስራዋን አዝላ፣ ጎንበስ ብላ በአጠገባችን ታልፍ ነበር። የሻው እስክታልፍ ጠበቀ፤ ከዚያ መነጽሩን ከካድሬው እግር ሥር አስቀመጠ።

«ይውሰዱት ጓድ። አህያ የለኝም፣ ከጅብ አልጣላም።»

ጓድ ምስጋኑ ማስታወሻውን አውጥቶ «የጓድ የሻው የጅብ ችግር ተወግዷል» ብሎ ጻፈና ጮክ ብሎ አነበበልን። እኛም አጨበጨብን።