የአባዬ ልብና የዓይናለም ፓምፕ

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከመቐለ ወደ ውቅሮ በሚወጣው መንገድ ዳር ባጃጄን አቁሜ ሦስተኛ ሰው እስኪሞላልኝ እጠብቅ ነበር። ሬዲዮ ላይ አንድ የልብ ሐኪም ይናገራል። የልቡ ደም ሥር ጠቦበት የታከመ ሰው ከክኒኑ እኩል እግሩ ያስፈልገዋል፤ ሐኪሙ ፈቅዶለት ሳለ ተኝቶ የሚከርም ራሱን ይጎዳል፤ እያለ ያስረዳል። ከኋላዬ የተቀመጡት ሽማግሌ አላስቻላቸውም።

"ኣንቲ ጓለይ፣ አንቺ ልጄ፣ ዝጊልኝ ይሄን። ልቡን የታመመ ሰው ሩጥ ይባላል እንዴ?"

"ተራመድ ነው ያለው አያ። ሩጥ አላለም።"

"ያው ነው። የታመመ ይተኛል፣ ደህናው ይጠይቀዋል። ሌላ ምን አለ?"

አልዘጋሁትም፤ እንዲያውም ድምፁን ጨመርኩት። ሽማግሌው እስኪወርዱ ድረስ አኮረፉኝ። በሌላው ነገር እሺ እላለሁ፣ በዚህ ጉዳይ ግን ማንንም አልታገሥም። ምክንያቴ አባዬ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ቀርቶ ቤት የተቀመጥኩበት ክረምት ነበር። ተቀመጥኩ የምለው እንዲያው ለአፍ ነው፤ ሻይ ጠጥቼ እስክጨርስ እንኳ ወንበር አይችለኝም። ቃላሚኖ፣ ጎበዞቹ ተመርጠው የሚገቡበት ትምህርት ቤት የተማረችው የጎረቤታችን ልጅ ለዩኒቨርሲቲ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ እኔ የአባዬን ክኒን እደረድር ነበር። ሥራ ፈት የነበርኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ አስታማሚነቱ ማንንም ሳያማክር እኔ ላይ ወደቀ።

አባዬ የደብረ ብርሃን ሰው ነው። በወጣትነቱ ለሥራ ተመድቦ መቐለ መጣ፣ እማዬን አገባ፣ በዚያው ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ዓይናለም በሚባል ቦታ ነው፤ ለከተማው ውሃ የሚስቡትን የጉድጓድ ፓምፖች ሲጠብቅ፣ ሲፈታ፣ ሲገጥም። በቤታችን አባዬ በአማርኛ ይቆጣል፣ እማዬ በትግርኛ ትመርቃለች፣ እኔ ለሁለቱም እመልሳለሁ።

ሕመሙን መጀመሪያ የነቃሁበት እኔ ነኝ። ከገበያ ስንመለስ ዳገቱ ላይ አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆም ይልና የማይገዛውን ዕቃ ዋጋ ይጠይቃል። ባልዲ ስንት ነው? ገመዱስ? ባለሱቁ ተስፋ አድርጎ ያወርድለታል፣ አባዬ "እመለሳለሁ" ብሎ ይሄዳል። ሲደጋገም ገባኝ፤ ሰውዬው ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው። ስጨቀጭቀው አመነ። ዳገት ሲወጣ ደረቱ ላይ ድንጋይ የተጫነ ያህል ይከብደዋል፣ ሲቆም ይለቀዋል።

አዲስ አበባ ተልኮ ታከመ። ደረቱን አልከፈቱትም። በእጁ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ልቡ ድረስ ሄዱ፤ በጣም የጠበበውን ደም ሥር በትንሽ ፊኛ አስፍተው ስቴንት የሚሉትን የሽቦ መረብ አኖሩበት። እስክሪብቶ ውስጥ ያለችውን ሞላ የምታክል ነገር ናት። እሱ ነቅቶ ሁሉንም በስክሪን ሲያይ ነበር። ሌሎች ሁለት ቦታዎች ላይም ትንሽ መጥበብ አገኙ፤ እነሱን ግን ሆን ብለው ተዉአቸው። መከራችን የመጣው ከዚህች "ተዉአቸው" ከምትባል ቃል ነው።

ከአዲስ አበባ ሲመለስ እማዬ ሳሎኑ ውስጥ አልጋ ዘረጋችለት። በእኛ ሰፈር ታማሚ የሚተኛው ሳሎን ነው፣ ጠያቂ እንዲያየው። ጠያቂውም ከአውሮፕላኑ ቀድሞ ደረሰ ማለት ይቻላል። የእማዬ ታላቅ እህት ሓትኖ ለተብርሃን ራስጌውን ይዘው ተቀመጡ፤ ሓትኖ የምንለው የእናት እህትን ነው።

"የቱ ጋ ነው የቀደዱህ ታደሰ?" አሉት።

አባዬ እጁን ዘረጋ። ሓትኖ መነጽራቸውን አውጥተው አንጓውን ወደ መስኮቱ አዞሩት።

"ይቺ ናት?"

"ይቺ ናት።"

"ድመትም ከዚህ የተሻለ ትቧጭራለች። ለዚህች ነው አዲስ አበባ ድረስ የሄድከው?" ወደ ጠያቂዎቹ ዞሩ። "ልብን ሳይከፍቱ ምኑን አከሙት? ሁለቱን ደግሞ ትተዋቸዋል አሉ። በል እንግዲህ፣ እንዳትነቃነቅ።"

ከዚያ ወዲህ ቤታችን የለቅሶ ቤት መሰለ። ሓትኖ በየቀኑ ማለት ይቻላል ጋዓት ይዘው ይመጣሉ፤ ትኩስ ገንፎ፣ መሃሉ ላይ የተነጠረ ቅቤ ኩሬ ሠርቶ፣ በርበሬው ዙሪያውን ቀይ መስመር አስምሮ። ለአባዬ ቅቤ ተከልክሏል፤ ያመጡትን መመለስ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ እሳቸው ሲወጡ እኔ እበላዋለሁ። አባዬ ታመመ፣ እኔ ወፈርኩ።

መቐለ ላይ የምትከታተለው ሐኪም ገና ወጣት ሴት ነበረች፤ ስታወራ አትቸኩልም። በየቀኑ እንዲራመድ ያዘዘችው በመጀመሪያው ቀጠሮ ነው።

"ድሮ እንደርስዎ ያለውን ሰው አስተኝተን እናከርመው ነበር" አለችው። "አሁን መተኛቱ እንደሚጎዳ አውቀናል። በቀስታ ጀምረው ይጨምሩ።"

አባዬ ሲያጉረመርም የከረመውን አወጣው። "ዶክተር፣ መስመር ላይ ሦስት ቦታ ጠቦ እየታየ አንዱ ብቻ ተጠግኖ ይኬዳል?"

"ቧንቧ ቢሆን ልክ ነዎት ጋሽ ታደሰ። ሁለቱ ግን ግማሽ እንኳ አልጠበቡም፤ ደሙ ያልፍባቸዋል። እንዲህ ባለው ቦታ መረብ መጨመሩ ክኒን በወጉ ከመዋጥ የበለጠ እንደማይጠቅም በቅርብ የተሠሩ ጥናቶች እያሳዩን ነው። ረስተናቸው አይደለም፤ በክኒንና በእግርዎ እያከምናቸው ነው።" ወደ እኔ ዞረች። "ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉትን ሁለቱን ክኒኖች አንድ ቀን እንዳይዘሉ። መረቡ ላይ ደም ከረጋ አደጋ ነው። ሲራመዱ ደረታቸው ከከበዳቸው ይቁሙ፤ ቆመው ካልለቀቃቸው ቶሎ ይዘሻቸው ነይ።"

ቤት ስንገባ ጫማውን አውልቆ ተመልሶ ተኛ። ነገ እንጀምር አልኩት።

"ፍሬ፣ መስመር ሲጎዳ መጀመሪያ ምን ይደረጋል?" አለኝ። ስሜ ፍረወይኒ ነው፤ ፍሬ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። "ፓምፑ ይጠፋል። ከዚያ ነው ጥገናው።"

"አንተ ላይ ጥገናው አልቋል።"

"አንዱ ነው ያለቀው።"

እንዲህ እያለ ሳምንታት አለፉ። ክኒኑን በሰዓቱ ይውጣል፣ ያለቅቤ ይበላል፣ ግን አይነሳም። ጭኑ ሟሸሸ። ሽንት ቤት ሲሄድ ግድግዳ መያዝ ጀመረ። ቱቦ ቀጥቅጦ የሚያቀና የነበረ ሰው የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጁ ሲያነሳ አየሁት። ልቡ ተርፎ አልጋው ሊወስደው ነው ብዬ ፈራሁ። ለእማዬ ስነግራት ለሓትኖ ነገረች፣ ሓትኖ ደግሞ "ልጅቷ አባቷን ዳገት አስወጥታ ልትጨርሰው ነው" ብለው ሰፈሩን አዳረሱ።

ክረምቱ እያለቀ ሳለ አንድ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ጢም ብሏል። ዝናቡ ገና አባርቶ ከውጭ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ይገባል። ከሥራ ቦታው ኪሮስ የሚባል ባልደረባው መጥቶ ነበር፣ የአባዬን ሥራ ደርቦ የያዘው ሰው። ስለ ጤናው ከጠየቀው በኋላ ጎንበስ ብሎ ስለ መጠባበቂያው ፓምፕ ያማክረው ጀመር። ዋናው ደህና እየሠራ ስለሆነ መጠባበቂያውን እንዲያው ይተወው እንደሆነ ጠየቀው።

አባዬ ከትራሱ ቀና አለ። ድምፁ እንደዚያ ሲወጣ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። "እንዳትተወው። በየሳምንቱ አስነሳው፤ ትንሽ ውሃ ይሳብ፣ ይሙቅ። ቆሞ የከረመ ፓምፕ ይጣበቃል። በሚያስፈልግህ ቀን እምቢ ይልሃል።"

ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። አፌን መያዝ አልችልም፣ ያኔም አልቻልኩም።

"አንተስ?" አልኩት።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"አንተስ አባዬ? ለብረት ታዝናለህ። እዚህ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በቁምህ ለቅሶ እየደረሰህ ነው፣ አንተም እያስለቀስካቸው ነው።"

"ስቅ በዪ ኣንቲ" አሉ ሓትኖ፤ ዝም በይ ማለታቸው ነው። "በሰው ፊት አባት እንዲህ ይባላል? ወስዳችሁ ጓዳ አስገቧት።"

እማዬ ክንዴን ያዘች። አባዬ ጣሪያውን አየ፣ ቀጥሎ ኪሮስን አየ። ኪሮስ ሳቁን ለመደበቅ አፉን በእጁ ሸፍኗል። ከዚያ አባዬ ብርድ ልብሱን ገፈፈና እግሩን አወረደ።

"ጫማዬን አምጪ" አለኝ። "ካልሆነ ይቺ ልጅ ነገ ለሬዲዮ ትናገራለች።"

ወጣን። ሓትኖ በሩ ላይ ቆመው "ታደሰ፣ ሰው ምን ይላል?" ሲሉ ይሰማኛል። ሰውስ ብሏል። አንዷ ጎረቤት ልብሷን እያሰጣች "ተሽሎት ነው ወይስ ቤት ውስጥ የሚያስታምመው ጠፍቶ?" አለች። "የሚያስተኛው ጠፍቶ ነው" አልኳት። አባዬ ክንዴን ቆነጠጠኝ፤ ጉልበት እንዳለው ያወቅኩት በዚያ ነው።

የኮብልስቶኑ ጎድጓዳ ውሃ ቋጥሯል። አባዬ ትንሽ እየሄደ ይቆማል፣ ሁለት ጣቱን አንገቱ ላይ ያደርጋል፣ ያዳምጣል። መንገዱ ዳገት መሆን ሲጀምር በለስ የምትሸጥ ሴት አጠገብ ቆመና "በለሱ ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀ። የባልዲውን ጥያቄ አስታወስኩና ደነገጥኩ።

"ደረትህን ከበደህ?"

"አይ።"

"እውነቱን ንገረኝ።"

"አልከበደኝም አልኩሽ።" ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሴትየዋ በለሱን በቢላ እየላጠች ትሰማናለች። "ፈርቼ ነው" አለ። "የተዉአቸው ሁለቱ አሁን ይፈነዱ ይሆን፣ አሁን ይፈነዱ ይሆን እያልኩ ነው የምሄደው። ተኝቼም ይሄንኑ ነው የማስበው። የፓምፑን ወሬ ተይው፣ ሰበብ ነው። ፈርቼ ነው የተኛሁት።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። "እኔም ፈርቻለሁ" አልኩት። "አሁን እዚህ ብትወድቅ ሓትኖ ይገድሉኛል።"

ሳቀ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። ሴትየዋም ሳቀችና የተላጠ በለስ በቢላዋ ጫፍ ዘረጋችለት። ቀዝቃዛ ነበር፣ ጣፋጭ፤ ፍሬውን ከነዘሩ ዋጠው። ከዚያ ሳልነግረው ተነሳና ዳገቱን አንድ ቤት ያህል ወጣ። ለዚያ ቀን በቃን። ስንመለስ ሓትኖ ቦታቸውን አልለቀቁም።

"የት አመመህ?" አሉት።

"እግሬን" አለ አባዬ፤ እውነቱን ነበር።

በማግስቱ ወጣን፤ በሦስተኛውም። እማዬ ሳትናገር የሳሎኑን አልጋ ነቀለች። አልጋ ሲጠፋ ጠያቂው የሚከበው ነገር አጣና ሳሳ። አባዬ ጥቂት ቆይቶ ሥራ ገባ፤ በጊዜው ደግሞ ጡረታ ወጣ። መድኃኒት ብርቅ የሆነበት ዘመንም መጥቶ አለፈ፤ ስለዚያ ብዙ ማውራት አልወድም። ዘንድሮ ስትመረምረው ሐኪሟ በያዙት ይቀጥሉ ብላዋለች።

አሁን እሱ ራሱ የሚያስቸግር ጠያቂ ሆኗል። ልቡን የታከመ ሰው አለ ሲባል ይሄዳል፣ ሐኪሙ መራመድ ፈቅዶለት እንደሆነ ያጣራል፣ ከዚያ ታማሚውን ይዞት ይወጣል። ባለፈው እሑድ አንዲት ሴት ምግብ አቅርባ ስትመለስ እንግዳውም ባሏም የሉም። ቤታችን ድረስ መጥታ ከሰሰችው። እማዬ ይቅርታ ጠየቀች፣ እኔ ግን ደስ አለኝ።

ብዙ ዓመት እኔ በጩኸቴ ያስነሳሁት ይመስለኝ ነበር፤ ለሰውም እንደዚያ ስል ኖሬአለሁ። በሬዲዮው የተነሳ ከሽማግሌው ጋር በተኳረፍኩ ቀን ማታ ግን ጠየቅሁት።

"ምን ብለህ ነው ከአልጋ የምታስነሳቸው? ስለ ፓምፑ ነው የምትነግራቸው?"

"የምን ፓምፕ" አለኝ። "ምን ያህል ፈርቼ እንደነበር እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ራሳቸው ጫማቸውን ይፈልጋሉ።"