በጾም የተተከለ ድንኳን

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በዐቢይ ጾም፣ ጎንደር ቁስቋም ባለው ግቢያችን የሆነ ነገር ነው። ሰፈሩ እስከ ዛሬ እየሳቀ ያወራዋል። እኔም እስቃለሁ፤ የኔ ሳቅ ግን የንቀት ነው። “ከዘመድ የሚበልጥ ምን አለ?” የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

አባቴ በወጣትነቱ አሥመራ ሲሠራ የገዛት፣ ጣሊያን ሠራሽ የስፖርት መኪና ነበረችው። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ። በደርግ ጊዜ እንዳይወርሱበት ግቢው ጥግ አቁሞ ጭድ ከመረባት። ደርግ ወድቆ ጭዱ ሲነሣ መኪናዋ ዶሮ የሚፈለፈልባት ዝገት ሆና አገኘናት።

ጡረታ ሲወጣ “እናድናት” አለኝ። እኔ ፋርማሲ ነው የምሠራው፤ ስለ መኪና የማውቀው እሱ የነገረኝን ብቻ ነው። ቅዳሜና እሁድ እሱ ዱካ ላይ ተቀምጦ ያዘኛል፣ እኔ እፈታለሁ። የጠፋውን ዕቃ ከአዲስ አበባ አሮጌ ተራ ሳይቀር እያስፈለግን፣ ካልተገኘም እያስቀጠቀጥን ዓመታት ሄዱ።

ዘመዶቻችን ይህን እንደ እብደት ነበር የሚያዩት። ከሁሉ የባሰችው የአባቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ጥሩወርቅ ናት። ለበዓል ስትመጣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ በመኪናዋ አጠገብ ታልፋለች።

“ምነው ወንድሜ፣ ሴት ልጅህ ዘይት ተቀብታ መኪና ሥር ትጋደም? ሰው ምን ይላል?” ትለዋለች። ወደኔ ዞራም “አንቺ ልጅ፣ ቆርቆሮ ከምታሻሺ ባል ፈልጊ” ትለኛለች። የሷ ባል ከቤት ጠፍቶ ሁመራ ሌላ ትዳር እንደያዘ አገር ያውቃል። እኔም አፌን ይዤ እንጂ መልስ አጥቼ አልነበረም።

ከዚያ አባቴን ደም ግፊት ጣለው። ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ አሉት። ሐኪሙ ሁለተኛ ከመታው እንደማይነሣ ለብቻዬ ነገረኝ። አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁለት፤ ከዚያ ሆኖ ሥራዬን ያያል።

“ለፋሲካ ታዞሪኛለሽ?” አለኝ አንድ ቀን።

“አዞርሃለሁ” አልሁት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አላሰብሁም። እንድደርስለት ብቻ ነበር የምጸልየው።

አባቴ በተኛበት ወራት ከዚያ ሁሉ ዘመድ የመጣ የለም። አክስቴ ከኛ ቤት ታች በእግር የምትደርስ ናት፤ እሷም አልመጣች። “በሽተኛ ሳይ ሆዴ አይችልም” ትላለች አሉ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ተዝካር ላይ ግን ያ ሆድ የማይችለው አልነበረም።

ሞተሯ ተነሣ። ፍሬኗ ያዘ። የተበላው ሁሉ በስቱኮ ተደፍኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ለሰለሰ። የቀረው ቀለም ብቻ ነበር። አባቴ የድሮዋን ጥቁር አረንጓዴ ካልሆነ ብሎ ከአዲስ አበባ ተበጥብጦ መጣ፤ ለአንድ ጊዜ የምትበቃ ነበረች።

ችግሩ የበጋው ነፋስ ነው። እርጥብ ቀለም ላይ አቧራ ከሰፈረበት ልፋታችን ገደል ገባ። ስለዚህ የእድራችንን ድንኳን ለመዋስ ወደ ዕቃ ጠባቂው ወደ አያ ተገኘ ሄድሁ።

“ለማኪና?” አሉኝ ተገርመው። “ሸጋ፣ ውሰጅው። ብቻ ቀለም እንዳታስነኪብኝ!”

ተሸካሚዎች ድንኳኑን በትከሻቸው ይዘው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰፈሩ መሐል አልፈው ግቢያችን አስገቡት። እኔ የማስበው ስለ አቧራ ነው። በጾም ሠርግ እንደሌለ፣ በጾም የእድር ድንኳን በሽተኛ ወዳለበት ቤት ከገባ ትርጉሙ አንድ ብቻ እንደሆነ ለአፍታም ውል አላለኝም።

ለዘመዶቻችንና ለሰፈሩ ሰው ግን ወዲያው ውል አላቸው። የእድር ጥሩምባ አልተነፋ፣ መርዶ ነጋሪ አልተላከ። አንድ ሰው እንኳን “እውነት ነው ወይ?” ብሎ በራችንን አላንኳኳም። ለመጠየቅ የከበደ እግር ለልቅሶ እንዴት እንደሚፈጥን ያየሁት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ጧት ቀለሙን ረጭቼ ጨረስሁ። እንደ መስተዋት ነበር የምታበራው። የድንኳኑን መጋረጃ ዘግቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ አባቴን ሽሮ ማጉረስ ጀመርሁ። ያኔ ከውጭ በሩ የልቅሶ ጩኸት ተነሣ።

አባቴ የጎረሰውን ዋጠና “ማን ሞተ?” አለኝ።

በመስኮቱ ብቅ ብል ግቢያችን በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ከፊት ደረቷን እየደቃች የምትመጣው አክስቴ ጥሩወርቅ ናት። ሙሾዋንም ከቤቷ አዘጋጅታ መጥታለች፦

“ጧት ማታ ስመላለስ ደጅህን ስጠና፣
ምነው ዛሬ ጨከንህ አልመልስ አልህና!”

ሕዝቡ “ወይኔ! ወይኔ!” ብሎ ተቀበላት። እሷም ሬሳው እዚያ ያለ መስሏት መጋረጃውን ገልጣ፣ በእንባ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ ወጉ ራሷን ወረወረች። የወደቀችው እርጥቡ የመኪናዋ ኮፈን ላይ ነው።

ያኔ አባቴ በደህና እጁ አልጋውን ተደግፎ ቀና አለ። ካመመው ወዲህ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

“ውሸቷን ነው! ካመመኝ ወዲህ ጥላዋንም አላየሁት!”

በግቢው “በስመ አብ!” የሚለው በዛ። ከኋላ የነበሩት በሩ ላይ ተጋፍተው ሲወጡ የአንዷ ጫማ እዚያው ቀረ። አክስቴ ከደረቷ እስከ ጉልበቷ አረንጓዴ ሆና ከድንኳኑ ወጣች። የሞተው ወንድሟ መስኮት ላይ ሆኖ እያያት ነው። ምን ያለች ይመስላችኋል?

“ነጠላዬን! አዲሱን ነጠላዬን!”

አባቴ በግማሽ ፊቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ኮፈኑን አይቼ እንባዬ መጣ። ሁለት መዳፍና አንድ ሙሉ ደረት ታትሞበታል፤ ቀለሙ አልቋል።

የቀሩት ሽማግሌዎች በኔ ላይ ወረዱብኝ። “በጾም ድንኳን ተክለሽ ሰው ታስደነግጫለሽ? ነውር አታውቂም?” ገሥጸውኝ ሲያበቁ ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ለሬሳው የመጡለትን ሰው በሕይወት ሲያገኙት “እንዴት ነህ?” ለማለት ደጃፉን የረገጠ አልነበረም። የገባው አያ ተገኘ ብቻ ነው፤ እሳቸውም መጀመሪያ ድንኳናቸውን ዞረው ካዩ በኋላ።

“ልፋቅና ሌላ ቀለም ላስመጣ” አልሁት አባቴን።

“እስኪመጣ ፋሲካ ያልፋል። ተይው፣ እንዲሁ አውጭኝ” አለኝ።

በፋሲካ ማግስት ጋቢውን አልብሼ፣ ታቅፌ ከጎኔ አስቀመጥሁት። ጣሪያውን አጥፌ በግንቡ ዙሪያ፣ በፒያሳ፣ ቁልቁል በአዘዞ መንገድ ወሰድሁት። ቀኝ እጁን በበሩ ላይ አውጥቶ ነፋሱን ይዳብሰዋል። እንባው ወደ ጆሮው ሲሄድ አየሁት፤ ዞሬ ላለማየት መንገዱን አየሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ እሑዶች ዞርን። ዘመዶቻችን ግን አልመጡም። አንዴ አልቅሰውለት የጨረሱ ይመስል። ሁለተኛው ክረምት ሲገባ ሕመሙ ተመልሶ መታውና አባቴ እውነተኛውን ሞት ሞተ።

አክስቴ ከሁሉ ቀድማ መጣች። ደረቷን እየደቃች፣ ያንኑ ሙሾ፣ ቃል ሳትለውጥ፣ “ጧት ማታ ስመላለስ” ብላ ጀመረችው። ለቀስተኛውም እንደ ፊቱ “ወይኔ!” ብሎ ተቀበላት። ከውስጥ የሚመልስላት ስለሌለ እኔ ብድግ ብዬ መለስሁላት።

“ውሸትሽን ነው!”

በአባቷ ልቅሶ ላይ አክስቷን ያዋረደች ነውረኛ ይሉኛል። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያዩኝ ይንሾካሾካሉ። ይንሾካሾኩ። አባቴ ጎንደርን አይቷል፤ እሷም መልሷን አግኝታለች።